ጠላትን መውደድ ከየት ይጀመራል?

"ጠላቶቻችሁን ውደዱ" የሚለው ትእዛዝ ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው ገና "ውደዱ" ላይ ነው። በአማርኛችን መውደድ ከሁሉ በፊት የልብ ነገር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ሲነበብ "የበደለህን ሰው ስታየው ደስ ይበልህ" የተባልን ይመስለናል። ልብ ደግሞ ታዝዞ ደስ አይለውም። ያኔ አንዱ "ይህ ለቅዱሳን ነው እንጂ ለእኔ አይደለም" ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ያልተሰማውን ፍቅር የተሰማው አስመስሎ ፈገግ ይላል። ሁለቱም ጽሑፉን አላዩትም።

ሉቃስ 6፥27-28 አራት ግሶችን ያስከትላል፦ ውደዱ፣ መልካም አድርጉ፣ መርቁ፣ ጸልዩ። የመጀመሪያውን የሚፈቱት ተከታዮቹ ሦስቱ ናቸው። መልካም ማድረግ የእጅ ነው፣ መመረቅ የአንደበት፣ መጸለይ በር ዘግተው የሚያደርጉት። ሦስቱም ስሜት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ዛሬ ሊደረጉ ይችላሉ። በ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 5፥44ም አራቱን ይዟል። በጥንታዊዎቹ የሲናና የቫቲካን የግሪክ ቅጂዎች ግን ማቴዎስ ላይ ያለው "ውደዱ" እና "ጸልዩ" ብቻ ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ጥቅሱ አጥሮ የሚታየው ለዚህ ነው። መልካም ማድረጉም መመረቁም በሉቃስ ስላለ ከትምህርቱ የሚቀነስ የለም።

"እዚህ የተጻፈው የግሪክ ቃል አጋፔ ነው፣ አጋፔ ደግሞ መለኮታዊ ፍቅር ነው" የሚለው የተለመደ ማብራሪያም ብዙ አያስኬድም። ዴማስ "የአሁኑን ዓለም ወዶ" ጳውሎስን ጥሎት ሲሄድ (2 ጢሞቴዎስ 4፥10) ግሪኩ የተጠቀመው ያንኑ ግስ ነው። ቃሉ ብቻውን ምስጢር አልያዘም፤ ምስጢሩ ያለው ከቃሉ ቀጥለው በታዘዙት ሥራዎች ላይ ነው።

"ባልንጀራህን ውደድ ጠላትህንም ጥላ እንደ ተባለ ሰምታችኋል" ከሚለው ግማሹ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥18 ላይ አለ። ሁለተኛው ግማሽ በኦሪት ውስጥ በየትኛውም ቦታ አልታዘዘም። ነገር ግን የሚያስተምሩት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ፣ ኩምራን ይባል የነበረው የአይሁድ ማኅበር የመተዳደሪያ ደንብ፣ አባላቱ የብርሃንን ልጆች እንዲወዱ፣ የጨለማን ልጆች ደግሞ እንዲጠሉ ያዛል። ኦሪት ራሷ የምትለው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት፤ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው አትለፍ፣ አግዘው (ዘጸአት 23፥4-5)።

ስለ ጠላት ፍቅር ለጀማሪ አንድ ክፍል ብቻ ምረጥ ብባል ይህቺን የአህያ ሕግ እመርጣለሁ። ስለ ስሜት አንድም ቃል የላትም። ሰውየው እንደሚጠላህ አትክድም፣ ነገሩን አታለባብስም። የምታየው መንገድ ላይ የወደቀ አህያና ዞር ብሎ ለማለፍ የሚመች ሰበብ ነው። ደግሞም ከነጭነቱ የወደቀን አህያ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም፤ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ መያዝ አለባቸው። ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ "ያዝ"፣ "ቀስ"፣ "አንሳ" መባባል ይኖርባቸዋል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሱባት፦ የወዳጅህ አህያ ጭነቱ ሊራገፍለት፣ የጠላትህ ደግሞ ሊጫንለት ቢፈልግ የትኛውን ታስቀድማለህ? ማራገፍ የእንስሳውን ሥቃይ ስለሚያቃልል በሌላ ጊዜ ይቀድም ነበር። እዚህ ግን መልሳቸው "የጠላትህን፣ የራስህን ዝንባሌ ታሸንፍ ዘንድ" የሚል ነው።

ከዚህ ሕግ ለየትኛውም ዘመን የሚሆን መለኪያ ይወጣል። ለጠላት የሚደረግ መልካም ነገር ትንሽ ይሁን፣ እርሱ በእውነት የሚያስፈልገው ይሁን፣ ለታይታ አይሁን፣ ራስህንም በእጁ የሚጥል አይሁን። በሥራ ቦታ የሚያጠቃህ ሰው ሊያውቀው የሚገባ መረጃ አንተ ዘንድ ካለ በሰዓቱ አድርስለት። ባላጠፋው ጥፋት ሲወቀስ እውነቱን የምታውቀው አንተ ከሆንክ ተናገር። ትልቅ ስጦታ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ ተቀባዩ ወጥመድ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል፣ ሰጪውም ምስጋናውን መቁጠር ይጀምራል። ሉቃስ 6፥35 "ምንም ተስፋ ሳታደርጉ" የሚለው ለዚሁ ነው።

አንደበት ከእጅም ይከብዳል። "መርቁ" የተባለው የግሪክ ቃል ጥሬ ትርጉሙ "መልካም ተናገሩ" ነው፤ ይህ ማለት ግን የሌለውን መልካምነት መፍጠር አይደለም። በመጀመሪያ የበደሉን ታሪክ ለአዳዲስ ጆሮዎች መተረክ ይቁም። ታሪኩን መስማት የሚገባቸው አሉ፦ የነፍስ አባት ወይም አማካሪ፣ ነገሩን ማስቆም የሚችል ኃላፊ፣ አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤት። ከዚያ ውጭ በየሄዱበት የሚነገረው ቀስ በቀስ የሚከፈል በቀል ነው፤ በተነገረ ቁጥርም ቁስሉ እንደ አዲስ ይደማል። ይህ ከቆመ በኋላ፣ ስሙ ሲነሳ ስለ እርሱ እውነት የሆነ አንድ በጎ ነገር ካለ ተናግሮ ማለፍ ነው። ከሌለ ዝም ማለትም ይበቃል።

አሁን ወደ ጸሎቱ። ብዙ ሰው ለጠላቱ ጸለይኩ ሲል የጸለየው ስለ ጠላቱ ነው፦ "ስህተቱን አሳየው"፣ "ልቡን አንበርክክልኝ"። ይህ በጸሎት መልክ የቀረበ ክስ ነው። ለጠላት የሚጸለይ ጸሎት ለራስህ የምትለምነውን ለእርሱ መለመን ነው፦ ጤና፣ እንጀራ፣ የልጆቹን ደኅንነት፣ የኃጢአት ስርየት። በስሙ ይጠራ፤ "ጠላቶቼን ሁሉ" የሚል ጅምላ ጸሎት ማንንም አይነካም። አጭር ይሁን። ረጅም ሲሆን ሐሳብ ወደ በደሉ ይመለሳል፣ ጸሎቱም ሳይታወቅ ክርክር ይሆናል። እንዲህ ከሆነብህ ስሙን ጠርተህ "ማረው" በልና ተነሥ፤ ነገም እንዲሁ። ጊዜው የታወቀ ቢሆን ይሻላል፣ ለምሳሌ አባታችን ሆይ ሲደገም "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ከሚለው ላይ ቆም ብሎ። ዲዳኬ የተባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ምዕራፍ 1 ላይ ለሚያሳድዷችሁ ጹሙ ይላል፤ ከምትጾማቸው ቀኖች አንዱን ለጠላትህ ማድረግ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ንዴቱስ? ንዴቱን ዘሎ ወደ ምርቃት መሮጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ የታፈነ ቁጣ ከሳምንት በኋላ በሌላ በር ይወጣል። መዝሙር 109ን (በሰባ ሊቃናት ቁጥር 108) የመሳሰሉ የእርግማን መዝሙሮች በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መቀመጣቸው ያስደነግጣል። ግን ልብ ብለህ እይ፦ መዝሙረኛው የሚፈልገውን በቀል ሁሉ ለእግዚአብሔር ይናገራል፣ እርሱ በእጁ የሚፈጽመው አንድም የለም። ጳውሎስ ሮሜ 12፥19 ላይ "በቀል የእኔ ነው" የሚለውን ሲጠቅስ ይህንኑ መንገድ እያሳየ ነው። ስለዚህ ቁጣውን ሳታሳምር መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ተናገር፤ ከዚያ ወደ ምልጃው ተሻገር። "ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት" የሚለውን ተረት ሰምተው ልባቸው እስኪጠራ ጸሎት የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ተረቱ የሚነቅፈው ቂሙን ይዞ ሊያቆየው የወሰነውን ነው። ሊጥለው እየታገለ የሚጸልየው ሌላ ሰው ነው፣ መሣሪያውም ያው ጸሎት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ "እየጸለይኩልህ ነው" ብለህ ለራሱ ለጠላትህ አትንገረው። ከአንተ አፍ ሲሰማው ስድብ ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የሰበከው ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው 18ኛ ስብከት ይህን ትእዛዝ በ9 ደረጃዎች ከፍሎታል። አንደኛ፣ በደልን አለመጀመር። ሁለተኛ፣ ከተበደሉ በኋላ በእኩል መጠን አለመመለስ። ሦስተኛ፣ ጭራሽ ምላሽ ሳይሰጡ ዝም ማለት። አራተኛ፣ ክፉውን ለመቀበል ራስን ማቅረብ። አምስተኛ፣ በዳዩ ከሚፈልገው አብልጦ መስጠት። ስድስተኛ፣ አለመጥላት። ሰባተኛ፣ መውደድ። ስምንተኛ፣ መልካም ማድረግ። ዘጠነኛ፣ ስለ እርሱ እግዚአብሔርን መለመን። ከሁሉ የሚገርመኝ "አለመጥላት" የመጣው ስድስተኛው ላይ መሆኑ ነው። ገና ሁለተኛው ላይ ያለ፣ ስድብን በስድብ ላለመመለስ ጥርሱን የነከሰ ሰው መሰላሉ ላይ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ራሳችንን ሰባተኛው ላይ እንፈልግና ስናጣው መሰላሉን ትተን እንወርዳለን። ጸሎትን በመጨረሻ ማስቀመጡ ግን ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፤ እርሱ የሚለው ለጠላት እንደ ራስ ተጨንቆ መማለድ ነው፣ ያ በእርግጥ ጫፍ ነው። ከአፍ ብቻ የሚወጣው አጭር ጸሎት ግን ከታችኛው ደረጃም ይጀመራል።

ዝቅተኛው ወለል የት እንደሆነ ለሚጠይቅ ደግሞ የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ጠላትን በጠላትነቱ መውደድ፣ ማለትም ክፋቱን መውደድ፣ ስህተት ነው። ለሁሉ በምታቀርበው ጸሎትና ለሁሉ በምታደርገው መልካም ነገር ውስጥ ግን እርሱን ለይተህ ማስቀረት አትችልም። ልዩ የሆነ ቅርበት ማሳየት ከዚህ በላይ ያለ ፍጹምነት ነው፤ ሆኖም በችግር ላይ ከወደቀ ለመርዳት ልብህ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በተግባር ሲታይ፣ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ሰላምታ ስትሰጥ አትዝለለው። ሻይ ልትጋብዘው አልተገደድክም።

ከዚህ በታች ያለው ክፍል በትክክል ካልተነገረ ሰው ይጎዳል። "ሌላውን ጉንጭ አዙር" የሚለው ቃል የሚደበደብን ሰው ወደ ደብዳቢው ለመመለስ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። ማቴዎስ 5፥39 የሚለው ቀኝ ጉንጭ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ቀኝ ጉንጭህን የሚያገኘው በእጁ ጀርባ ነው፣ ያም ከማቁሰል ይልቅ ማዋረድ ነው። የአይሁድ ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና የጥፊን ካሣ 200 ዙዝ (የዘመኑ ገንዘብ) ሲያደርግ በእጅ ጀርባ ለተመታ 400 ዙዝ ይፈርዳል፤ ውርደቱ እጥፍ ስለሆነ። ትእዛዙ "ለስድብ ስድብ አትክፈል" ነው፤ "ሕይወትህን ለሚያጠፋ ሰው ተመቻችለት" አይደለም። ኢየሱስ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም ብሎ ሌላውን አላዞረም፤ "መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?" ብሎ ጠየቀ (ዮሐንስ 18፥23)። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ሂድ ሲባል እምቢ አለ፣ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋርያት ሥራ 16፥37)። ሁለቱም አልተበቀሉም፣ ሁለቱም በደሉን በስሙ ጠርተዋል። እንግዲህ ከጥቃት መሸሽ፣ ለሕግ ማመልከት፣ ምስክርነት መስጠት ጠላትን መጥላት አይደለም። አጥፊውን ከሚቀጥለው ጥፋት ማስቆም ለእርሱም መልካም ነው። ልክ ማለፉ የሚታወቀው ከፍርዱ የምትፈልገው ጥቃቱ እንዲቆም መሆኑ ቀርቶ እርሱ ሲሠቃይ ማየት ሲሆን ነው።

ሌላ የማይገባ ነገር፦ ለሌላ ሰው ይቅርታ ማዘዝ። ቁስሉ በአንተ ላይ ካልሆነ "በቃ ውደደው" ማለት ቀላል ነው። እስጢፋኖስ "ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው" ያለው ድንጋዩ በራሱ ላይ እየወረደ ነው።

ጠላትን መውደድ ጠላትን የመለወጫ ዘዴ ተደርጎ ሲሰበክም እሰማለሁ። "ፍም በራሱ ላይ ትከምራለህና" (ሮሜ 12፥20) የሚለውን አንዳንዶች የሚጠብቀው ቅጣት ነው ብለው ተርጉመውታል። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ግን የሚያቃጥል የጸጸት ኀዘን ነው ይላል። ቀጣዩ ቁጥር "ክፉውን በመልካም አሸንፍ" ስለሚል የአውግስጢኖስ ይስማማኛል። ይሁን እንጂ ጸጸቱ እንደሚመጣ ዋስትና የለም። በ2 ነገሥት 6 ኤልሳዕ የተማረኩትን የሶርያ ወታደሮች አስገድሎ መጨረስ ሲችል ታላቅ ግብዣ አስደርጎ ሸኛቸው፤ ቁጥር 23 ከዚያ በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደ እስራኤል አገር አልመጡም ይላል። ሰባኪው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ቁጥር 24 ላይ ግን ቤን ሃዳድ ጭፍራውን ሁሉ ሰብስቦ ሰማርያን ይከብባል። ግብዣው ስህተት ነበር ማለት አይደለም፤ ትክክለኛነቱ በውጤቱ አልተለካም ማለት ነው። ማቴዎስ 5፥45 የሚሰጠው ምክንያትም "ጠላትህ ይለወጣልና" አይልም፤ አባታችሁ በክፉዎችም ላይ ፀሐዩን ያወጣልና ነው የሚለው።

የሚቀረው ፍቅርን፣ ይቅርታን፣ ዕርቅንና መተማመንን መለየት ነው። ፍቅርና ይቅርታ ከአንድ ወገን ይቻላሉ። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጳውሎስ "ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል" ያለው የሌላውን በኩል ስለማታዙበት ነው (ሮሜ 12፥18)። መተማመን ደግሞ ጊዜና ማስረጃ ይፈልጋል። ዮሴፍን ተመልከት። የተሸጠው ገና በ17 ዓመቱ ግድም ነው፣ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30፤ ከዚያ 7ቱ የጥጋብ ዓመታትና 2 የራብ ዓመታት አልፈው ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥ ከሽያጩ 22 ዓመት ያህል ሆኗል። ገና መጀመሪያ ሲያያቸው ዞር ብሎ አልቅሷል፣ እህል ሰጥቷቸዋል፣ ገንዘባቸውን በየስልቻቸው መልሷል። ፍቅሩ ያኔውኑ ነበረ። ማንነቱን ግን አልነገራቸውም። ስምዖንን አሰረ፣ ብንያምን አስመጣ፣ ጽዋውንም በብንያም ስልቻ አስከተተ። ይህ በቀል አይደለም፤ የድሮውን ሁኔታ እንደገና መፍጠር ነው፦ አባት የሚያደላለት የራሔል ልጅ፣ ጥለውት ቢሄዱ ራሳቸው የሚተርፉ ወንድሞች። "እንሽጠው" የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይሁዳ አሁን "በእርሱ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን" ሲል ነው ዮሴፍ መታገሥ ያቃተው። የበደለህ ሰው "ይቅር በለኝ፣ እንደ ድሮው እንሁን" ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያውን ወዲያው መስጠት ይቻላል። ሁለተኛው ያንኑ አጋጣሚ ሲያገኝ የተለየ ነገር ማድረጉ እስኪታይ ይቆያል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው ቂም ከልብ መውጣቱ በምን እንደሚታወቅ ሲናገር፣ ለሰውየው መጸለይህም፣ ስጦታ መለዋወጣችሁም፣ በማዕድ መገናኘታችሁም ምልክት አይሆንም ይላል። ምልክቱ መከራ ደረሰበት ሲባል ስትሰማ እንደ ራስህ ማልቀስህ ነው።

ዳዊት ሳኦልን ተኝቶ አግኝቶት ጦሩንና የውኃ መንቀሉን ብቻ ወስዶ ወጣ (1 ሳሙኤል 26)። በሩቅ ኮረብታ ራስ ላይ ቆሞ፣ በመካከላቸው ሰፊ ስፍራ ትቶ ወደ ሰፈሩ ተጣራ። ሳኦል ነቃና "በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ሆይ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም" አለው። ዳዊት ጦሩን ከብላቴኖች አንዱ መጥቶ ይውሰድ አለ እንጂ አልወረደም፤ መንገዱን ሄደ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ሳኦል በጊልቦዓ ሞተ ተብሎ በተነገረው ቀን ግን ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ እስከ ማታም ጾመ።